የየጎፏን ጥድ ፎቶ በክሮፕ (ጠርዙን ቆርጦ በማውጣት) እንዴት እንዳዳንኳት

ኮምቦልቻ አጠገብ የጎፍ ደን ውስጥ ያነሳኋት የጥድ ፎቶ ስታያት ዓይንህ ዛፏ ላይ አያርፍም ነበር፣ ከላይ በቅርንጫፎቹ መሃል የነጣ ሰማይ አለ እሱ ይጎትትሃል፣ በግራ ደግሞ የፎቶው ጠርዝ ግማሹን የቆረጠው ሌላ ግንድ። ብርሃኑን ባጨልመው ወላሂ ምንም ለውጥ የለም።

ከዛ ስናፕሲድ (የስልክ ፎቶ ማስተካከያ አፕ) ላይ አግድሙን ፎቶ ወደ ቁም 4 በ5 ክሮፕ አደረግኩት፣ ሰማዩም ያ ግንድም ወጡ፣ ዋናው ግንድ ከመሃል ወደ ቀኝ ሲሶው መስመር (ፎቶውን ወደ ጎን ሦስት እኩል ቦታ ከሚከፍሉት ሁለት መስመሮች የቀኙ) ሄደ፣ ከታች ግን ስሩና ትንሽ አፈር እንዲቀር አደረግኩ (ስሩ የተቆረጠ ዛፍ የስልክ እንጨት ነው የሚመስለው)። አሁን መጀመሪያ የሚታይህ በቁመቱ የሚላጠው ቅርፊቷ ነው። ከ6000 በ4000 ፒክስል የቀረኝ 2400 በ3000 ነው፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለ8 በ10 ኢንች ህትመት ልክ ይበቃል፣ ትልቅ ማሳተም ለሚፈልግ ግን ያንሳል።