የጀርመንን የኑክሌር ክርክር እንዴት እንመዝን?

ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት የኑክሌር ማመንጫዎች እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ዘግታለች። መዝጋቱ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት የሚለውን ክርክር ለመመዘን በቅድሚያ የጊዜውን ቅደም ተከተል ይያዙ፤ የመዝጊያው ሕግ በ2002 ከመራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል በፊት በነበረው መንግሥት ወጣ፣ በ2010 የሜርክል መንግሥት የማመንጫዎቹን ዕድሜ አራዘመ፣ በ2011 ደግሞ በጃፓን ከደረሰው የፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ በኋላ ያው የሜርክል መንግሥት ማራዘሙን ሻረው። ስለዚህ ጥፋቱንም ሆነ ምስጋናውን ለአንድ ፓርቲ ብቻ የሚሰጥ ተከራካሪን አይመኑ።

«ኑክሌሩን ታዳሽ ኃይል ተካው» የሚል ሲገጥምዎ፣ ኑክሌሩ ባይዘጋ ኖሮ ያው የነፋስና የፀሐይ ኃይል የትኛውን ማመንጫ ያስቆም እንደነበር ይጠይቁ፤ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች በሕግ ቢዘገይ እስከ 2038 እንዲሠሩ ስለተፈቀደላቸው፣ በእኔ ግምት የክርክሩ እምብርት ይኸው ነው። የኑክሌር ደጋፊውን ደግሞ እጅግ ለረጅም ዘመን አደገኛ ሆኖ የሚቆየው ዝቃጭ የት እንደሚቀበር ይጠይቁት። ወጪውን ሲያሰሉ ነባር ማመንጫን ማቆየትንና አዲስ መገንባትን ለየብቻ ያስሉ።