የጤፍ ማሳውና በጨው የተቀመመ ቃል
ቅዱስ ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ ንግግራችን ጸጋ ያለበትና በጨው የተቀመመ እንዲሆን ያዘዘው፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደምንመልስ እንድናውቅ ነው። በእኛ በጎጃም ይህ ትእዛዝ አብዝቶ የሚፈተነው በጽዋ ማኅበር ሳይሆን በማሳ ድንበር ላይ ነው። የጎረቤትዎን በሬ ጤፍዎ ውስጥ ሲግጥ ቢያገኙት፣ ሳይመቱ አስወጥተው ዝም ብለው ወደ ቤትዎ ይመለሱ፤ ማምሻውን ደጁ ድረስ ሄደው «እንደምን አመሸህ፣ ወንድሜ» ብለው ከቤተሰቡ ደኅንነት ይጀምሩ። ስለ ጉዳቱ ሲናገሩ ያዩትን ብቻ፣ ሳይሸፍኑ፣ ለብቻው ይንገሩት። «አንተ ሁልጊዜም እንዲህ ነህ» የሚለው ቃል (እኔንም ደጋግሞ ያሳተኝ ይኸው ነው) በካሣ የሚያልቀውን ጉዳይ ቂም ያደርገዋል። እምቢ ካለም ነገሩን አንድ ሌሊት አሳድረው ወደ ሽማግሌ ይሂዱ።