ለማኅበረሰብ ቴሌቪዥን የነዋሪ ቃለ መጠይቅ እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ነዋሪው የራሱን ፕሮግራም የሚያስተላልፍበት የኬብል ቻናል አለ፤ የማኅበረሰብ ቴሌቪዥን የምንለው ይህን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የወጣው የኬብል ሕግ፣ ከተሞችና ካውንቲዎች ለኬብል ኩባንያ ፈቃድ ሲሰጡ ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለአካባቢ መስተዳድር የሚውሉ ቻናሎችን በውላቸው እንዲጠይቁ ፈቅዷል። ብዙዎቻችን ሐበሾች በምንኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያው ፌርፋክስና በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች አሉ። የታክሲ ሾፌሩን፣ የእንጀራ ጋጋሪዋን፣ የአረጋውያን ማኅበሩን አስተባባሪ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አያቀርቧቸውም። እኛ ልናቀርባቸው እንችላለን፤ ግን በወጉ ይሁን።

1. ጣቢያው ሄዳችሁ ተመዝገቡ

አብዛኞቹ የነዋሪነት ማስረጃና አነስተኛ የአባልነት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ካሠለጠኑ በኋላ ካሜራና ስቱዲዮ ያውሳሉ። ሥልጠናውን አትዝለሉት።

2. እንግዳውን ያለ ካሜራ አግኙት

ስልክ አይበቃም፤ ሥራው ቦታ ድረስ ሂዱ። ጥሩ ቃለ መጠይቅ የሚገኘው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው የሚናገረውን ሁሉ ለመያዝ አትሞክሩ፤ ሲያወራ ድምፁ የሚለወጥበትን አንድ ጉዳይ ፈልጉና ጥያቄዎቻችሁን በዚያ ዙሪያ አዘጋጁ። አጠራሩንም ያኔውኑ ተስማሙ። «እርስዎ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ይሁን፤ መሃል ላይ ወደ «አንተ» ሲዞር ጆሮ ይሻክረዋል።

እንግዳው ምስሉና ድምፁ እንዲተላለፍ መስማማቱን የሚፈርምበት የምስል ፈቃድ ቅጽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ከማስፈረማችሁ በፊት በአማርኛ አስረዱ። እንግዳው ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም አገር ቤት የሚፈራለት ቤተሰብ ያለው ሊሆን ይችላል። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ በካሜራ ፊት ፈጽሞ አትጠይቁ። ራሱ ቢያነሳው እንኳ ከቀረጻው በኋላ ይቆይ ወይስ ይውጣ ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጊዜ የተላለፈ ቃል ኢንተርኔት ላይ ይቀራል፤ አደጋውን የሚሸከመው ደግሞ እናንተ ሳትሆኑ እሱ ነው።

3. ባለ ሱቁን ማስታወቂያ ሳያደርጉ ማነጋገር

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እነዚህ ቻናሎች ለንግድ ማስታወቂያ አይደሉም። ዋጋ መጥቀስ፣ ቅናሽ ማወጅ፣ «ኑና ግዙ» ማለት ጣቢያው ፕሮግራሙን ሳያስተላልፍ እንዲመልሰው ያደርጋል። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት በአንድ ቃለ መጠይቅ መጨረሻ ላይ ለእናታቸው ምስጋና ሲያቀርቡ፣ በዚያው አረፍተ ነገር ውስጥ የቅዳሜውን ቅናሽ ተናገሩ። ቅናሹ እንዲቆረጥ ቢፈለግ ምስጋናው አብሮ ሊሄድ ሆነ። ፕሮግራሙ ተመለሰ፤ ሴትዮዋም እንደገና ለመቀረጽ ጊዜ አላገኙም።

እንግዳው ለሻጭነት መምጣቱ አያስወቅሰውም፤ ኪራይ አለበት። ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ ከመሸጥ የሚያስረሳው መሆን አለበት። «ምግባችሁ ከሌሎች በምን ይለያል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ማስታወቂያውን የጋበዛችሁት እናንተ ናችሁ። በምትኩ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ። እዚህ በብርድ ወራት ሊጥ አልቦካ ሲል ምን ያደርጋሉ? አይዳሆ የበቀለው ጤፍ ከአገር ቤቱ ጋር ሲነጻጸር ውኃ አያያዙ እንዴት ነው? የመጀመሪያውን ኪራይ የከፈሉት ከዕቁብ ከሆነ ዕጣው እስኪወጣ ድረስ በምን ቆዩ? የጤና መርማሪው መጀመሪያ ሲመጣ ምን እንዲስተካከል አዘዘ? እንዲህ ሲጠየቅ ባለሙያው ይናገራል፣ ነጋዴው ዝም ይላል። ነገ ሱቅ ልትከፍት ያሰበች ተመልካችም የምትይዘው ነገር ታገኛለች። ክልከላውን ለእንግዳው በግልጽ ንገሩት፤ የሱቁ ስም በስክሪኑ ላይ እንዴት ሊወጣ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ጣቢያውን ጠይቁ።

የበጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊ ሲመጣ ችግሩ ሌላ ነው፤ የዓላማ መግለጫውን በቃሉ ይወጣዋል። «ባለፈው ሳምንት በራችሁን ያንኳኳው ሰው ምን ፈልጎ መጣ? ባዶ እጁን የተመለሰስ አለ?» በሉት። በምርጫ ሰሞን ደግሞ ማንን እንደሚደግፍ አትጠይቁት፤ ከግብር ነጻ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለእጩ እንዳይቀሰቅሱ ሕግ ይከለክላቸዋል።

4. ድምፅና ምስል

ገንዘብ ካላችሁ ማይክሮፎን ግዙ። የስልክ ካሜራ ዛሬ ይበቃል፤ የስልክ ማይክሮፎን ግን ርቆ ለሚቀመጥ እንግዳ አይበቃም። ደረት ላይ የሚሰካውን ትንሹን ማይክሮፎን ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጉት። ነጠላ ሲታሽበት፣ የአንገት መስቀል ሲነካው የሚሰማው ኳኳታ በቅንብር አይወጣም፤ ነጠላውን በሌላኛው ትከሻ እንዲያደርጉት፣ መስቀሉንም ወደ ጎን እንዲያዞሩት በትሕትና ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ማቀዝቀዣውን አጥፉ፤ ማብራቱን እንዳትረሱ የመኪና ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ። ሙዚቃውንም አስጠፉ፤ የባለቤትነት መብት ጥያቄ ያመጣል፣ ቅንብሩንም ያቆራርጠዋል።

ነጭ የሐበሻ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራው በራሱ ሲያስተካክል ነጩን ተከትሎ ፊቱን ያጨልማል። ብርሃኑን በእጅ፣ በፊቱ ልክ አስተካክሉ። ከመስኮት ፊት ለፊት እንጂ መስኮቱን ከኋላ አድርጋችሁ አታስቀምጡ።

5. ስትጠይቁ

ሰዎቻችን የመጀመሪያውን መልስ በምስጋና ይጀምራሉ፦ ለፈጣሪ፣ ለጣቢያው፣ ለተመልካቹ። አታቋርጡ፤ ጨዋነት ነው። ምስጋናው ሲያልቅ ያንኑ ጥያቄ በሌላ አነጋገር መልሳችሁ ጠይቁ፤ ለስርጭት የሚሆነው ሁለተኛው መልስ ነው። መልሱ ካለቀ በኋላም በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። እንግዳው ዝምታውን ለመሙላት የሚጨምረው ነገር ብዙ ጊዜ ከዋናው መልስ ይበልጣል። ወረቀታችሁ ላይ አታቀርቅሩ።

ከመነሣታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ቅረጹ፤ በቅንብር ጊዜ ቀዳዳ ይደፍናል። እጆቹን፣ ምጣዱን፣ የሱቁን በርም ቅረጹ።

6. ቅንብርና ስርጭት

የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከ28 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል፤ ትክክለኛውን ርዝመት ጣቢያው ይነግራችኋል። የእንግዳውን ስም በእንግሊዝኛ ራሱ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ «ጸ» እና «ቀ» የያዘ ስም በግምት አይጻፍም። የእንግሊዝኛ ትርጉም ከግርጌ ብታክሉ እዚህ ያደጉ ልጆቻችንም ይከታተሉታል። የስርጭቱን ቀንና ሰዓት ለእንግዳው በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩለት፤ «8 ሰዓት» ስትሉ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለይታችሁ ጻፉ። ቅጂውንም ስጡት።