ድድ ሲደማ ብርዱን አትክሰሱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ወገብ ቢያምም ብርድ ነው፣ ጥርስ ቢነቃነቅም ብርድ ነው። አክስቴም መፋቂያዋ ላይ ደም ባየች ቁጥር «ብርድ መቶኝ ነው» ትል ነበር። ወሯ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፏታል። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

ሲፍቁ ይደማል፣ ድዱም አብጧል

ምክንያቱ፦ ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በባክቴሪያ የተሞላ ቆሻሻ ይጋገራል። ድድን የሚያስቆጣው እሱ ነው። ማረጥ ደግሞ ያባብሰዋል። የድድ ሥጋ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ይቀበላል። ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይህ ሆርሞን ሲወርድ ድዱ ይሳሳል፣ ድሮ የሚችለውን ቆሻሻ አሁን አይችልም።

ንቅሳት ካለዎት ይጠንቀቁ። የተነቀሰ ድድ ቢቀላም አያስታውቅም። እብጠቱንና ደሙን ይዩ።

መፍትሄው፦ የሚደማውን ቦታ አይተዉት። አክስቴ የታመመውን ጎን ትታ በደህናው በኩል ብቻ ትፍቅ ነበር። የተተወው ጎን ይበልጥ ቆሸሸ፣ ይበልጥም ደማ። ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይያዙ፤ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ። መፋቂያ የሚወዱ ከሆነ ጫፉን አኝከው ያለስልሱት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይሳቡት። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አይገዝግዙ።

ደርቆ ድንጋይ የሆነውን ግን ብሩሽ አያነሳውም። ጥርስ ማሳጠብ ነው። «ካሳጠቡት ይሳሳል» ይባላል። አይሳሳም። ድንጋዩ ሲነሳ ተሸፍኖ የኖረው ክፍተት ስለሚታይ ነው።

አፍ ይደርቃል፣ በርበሬው ያቃጥላል

በማረጥ ጊዜ ምራቅ ሊቀንስ ይችላል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ። «አረቂ ይዘሽ ትፊው» የሚሉ ጎረቤቶች አይጠፉም፤ እሱ ራሱ ያደርቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪም ይንገሩ። እንደ አምሎዲፒን ያሉት ድድ ሊያሳብጡ ይችላሉ። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ ይነቃነቃል

ጥርስ በዚህ ዕድሜ አይረዝምም፤ ድዱ ሸሽቶ ነው። ከሥር ያለው አጥንት እየተበላ ነው ማለት ነው። ኢስትሮጅን ሲወርድ የመንጋጋ አጥንትም ይሳሳልና ጉዳቱ ይፈጥናል። የሄደው አጥንት በራሱ አይመለስም፣ የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስኳርዎንም ይለኩ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ድድን ያባብሳል። የሆርሞን ሕክምና ለድድ ብቻ ተብሎ አይታዘዝም።

አክስቴ ጥርሷን አሳጥባ፣ ሁለቱንም ጎን መፋቅ ከጀመረች በኋላ ደሙ ቆመላት። ቆሎም በሁለቱም በኩል ታኝካለች። ብርዱን ግን ዛሬም አልማረችውም፤ አሁን ክሱ በጉልበቷ ነው።