ውሻን ከጎጃም ወደ ውጭ አገር እንዴት መውሰድ ይቻላል?

ውሻ ይዞ ከአገር ለመውጣት ሲታሰብ ሰው የሚጨነቀው ስለ በረራው ነው። በረራው ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የሚያለፋው ከዚያ በፊት ያለው የወረቀትና የቀን ቆጠራ ጣጣ ነው። ባሕር ዳርም ይኑሩ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ወደ አውሮፓ ከሆነ አምስት ወር፣ ወደ አሜሪካ ከሆነ ሦስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሻው መሄድ ይገባው እንደሆነ ያስቡበት። ዕድሜ ልኩን ግቢ ውስጥ ታስሮ ሌባ ሲያባርር የኖረ ያረጀ ውሻ፣ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ከሚበር ለዘመድ በአደራ ቢሰጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ። አፍንጫቸው ደፍጣጣ የሆኑ ዝርያዎችንም በጉዞ ላይ መተንፈስ ስለሚቸግራቸው ብዙ አየር መንገዶች አይጭኗቸውም።

መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ ክትባት

ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ የውሻውን መለያ ቁጥር የያዘች ነገር ናት፤ ሐኪሙ ወፈር ባለ መርፌ በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳ ሥር ያስገባታል። አይኤስኦ 11784 እና 11785 የሚባሉትን መስፈርቶች የምታሟላና ባለ 15 አኃዝ መሆን አለባት። በየከተማው ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ቺፕና ማንበቢያ መሣሪያ ላይኖረው ስለሚችል አስቀድመው ይደውሉ፤ ካልተገኘ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። ከገባች በኋላ ሐኪሙ በመሣሪያው እንዲያነባት ያድርጉና ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ እያመሳከሩ በካርዱ ላይ ያስጽፉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከቺፑ በኋላ ይሰጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን ቢሆኑ እንኳ ቺፑ ይቅደም፤ ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ውሻውም ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት። በቀበሌ ዘመቻ ተከትቧል ብሎ መዝናናት አያዋጣም፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የተሠራ ክትባት አይቀበልም። ካርዱ የክትባቱን ስም፣ አምራቹን፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የሐኪሙን ፊርማና ማኅተም መያዝ አለበት።

የእኛ አገር ሰው በብዛት የሚሰናከለው ቀኑ ላይ ነው። ካርዱ ላይ «መስከረም 1 ቀን 2018» ተብሎ ከተጻፈ፣ ፍራንክፈርት ያለው ተቆጣጣሪ የሚያየው 2018ን ነው፤ በእሱ አቆጣጠር ክትባቱ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ተብሎ ይጻፍ። የልደቱ ቀንም እንዲሁ ነው፤ «የጥምቀት ሰሞን ተወለደ» ለእኛ ይበቃል፣ ለእነሱ አይበቃም።

የደም ምርመራ

ክትባቱ በውሻው ሰውነት ውስጥ በቂ መከላከያ መፍጠሩን ለማረጋገጥ፣ ከተሰጠ 30 ቀን ከሞላ በኋላ ደም ይቀዳል። ለምርመራ የሚላከው ደሙ ረግቶ የሚለየው ቢጫማ ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው ነው። መዳረሻው አገር ወደሚቀበለው የውጭ ላቦራቶሪ በቅዝቃዜ ተጠብቆ መሄድ ስላለበት፣ ደሙ አዲስ አበባ ቢቀዳ እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ናሙናው ሞቆ ሊበላሽ ይችላል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አለፈ ማለት ነው።

ለአውሮፓ ኅብረት ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። እዚህም ላይ የእኛ አቆጣጠር ያሳስታል። ጥቅምት 1 ቀን 2018 ደም ቢቀዳ፣ በእኛ ሦስት ወር የሚሞላው ጥር 1 ነው። በእነሱ ግን ከኦክቶበር 11 እስከ ጃንዩወሪ 11 ይቆጠራል፤ ይህም ጥር 3 ነው። በሁለት ቀን ቀድሞ የደረሰ ውሻ ሊመለስ ወይም ሊታገድ ይችላል።

አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች መድባታለች። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ደሙም ከመድረሱ ቢያንስ 28 ቀን በፊት መቀዳት ይኖርበታል። የክትባቱንና የቺፑን ቅጽ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸድቀዋል፤ የውሻ ማስገቢያ ቅጹን ደግሞ ባለቤቱ በኢንተርኔት ይሞላል። መግባት የሚቻለው በስድስት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ሲሆን፣ በዚያው በተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ለውሻው አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርበት ዋሽንግተን ዱለስ ከስድስቱ አንዱ ነው። እንግሊዝ ደግሞ በአውሮፕላን የሚመጣ ውሻ በካርጎ እንዲገባ ትጠይቃለች።

«ልጄ ቀድሞ ይሂድ፣ ውሻውን በኋላ እልክለታለሁ» ለሚሉም አንድ ነገር፦ አውሮፓ ውሻውን ከባለቤቱ ጋር እንደተጓዘ የሚቆጥረው በጉዟቸው መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት ቀን ካልበለጠ ነው። ከበለጠ የንግድ ደንብ ይሠራበታል፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ሳጥኑ

የሚገዛ ሳጥን ካልተገኘ ጎበዝ አናጺ ሊሠራው ይችላል። ውሻውን አቁመው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር፣ ከመሬት እስከ ክርኑ፣ የትከሻውን ስፋት፣ እንዲሁም ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ ይለኩ። የሳጥኑ ርዝመት የመጀመሪያው ልክ ሲደመር የሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ስፋቱ የትከሻው እጥፍ፤ ከፍታው የጆሮው ልክ ሲደመር የምንጣፉ ውፍረት። ውሻው ጭንቅላቱን ሳያጎነብስ መቆም፣ መዞርና መተኛት አለበት። ጠንካራ ኮምፔንሳቶ ለግድግዳው ይሆናል፤ በሩ ግን የብረት ፍርግርግ ይሁን፣ ክፍሎቹም በምስማር ሳይሆን በብሎንና በዳዶ ይያያዙ። አራቱም ጎኖች አየር ማስገቢያ ይኑራቸው። የውሃና የምግብ ዕቃዎቹ በሩ ላይ ተገጥመው ከውጭ የሚሞሉ ይሁኑ።

ለምንጣፍ ጭድ ወይም ገለባ አያድርጉ። የአፍና እግር በሽታ ካለበት አገር ሲመጡ ጭድና ጭቃ ችግር ያስከትላሉ፤ ውሻው የለመደው አሮጌ ጋቢ ይበቃል። ሳጥኑን ከጉዞው ሳምንታት ቀድመው ቤት ያስገቡት፤ ምግቡንም እዚያው ይስጡት።

ወደ ቦሌ

ከባሕር ዳር በአገር ውስጥ በረራ ለመሄድ ካሰቡ፣ የሚጓዙበት አውሮፕላን ሳጥኑን ይጭን እንደሆነ የሳጥኑን ልክ ነግረው ይጠይቁ። በመኪና ከሆነ ከደብረ ማርቆስ ሲነጋ ይውጡ፤ ደጀንን አልፈው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ በቀትር የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለ ውሻ አይችለውም።

አዲስ አበባ የሚደርሱት ቢያንስ ከበረራው ሳምንት ቀድመው ይሁን። ለአውሮፓ የሚያስፈልገው የጤና ሰርተፊኬት ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ እስከ መግቢያው ፍተሻ የሚያገለግለው 10 ቀን ብቻ ነው፤ ቀድሞ ማውጣትም ዘግይቶ መሯሯጥም አይበጅም። የሚጻፈው በእንግሊዝኛና መጀመሪያ በሚገቡበት አገር ቋንቋ ነው። በረራው ቢዘገይ እንዳይቃጠል ሁለት ሦስት ቀን ይተርፍዎት። ለውሻው በአየር መንገዱ ቦታ መያዝዎንም በጽሑፍ ያረጋግጡ።

በበረራው ቀን ቀለል ያለ ምግብና ውሃ ይስጡት፣ ያናፍሱት። የሚያስተኛ መድኃኒት ግን አይስጡት፤ በከፍታ ላይ አተነፋፈሱንና የልብ ምቱን ሊያውክ ይችላል።

አውሮፓ ሲደርሱ ሻንጣዎን ይዘው ዝም ብለው አይውጡ፤ ለጉምሩክ ያሳውቁ፣ ቺፑን አንብበው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራሉ። ከዚያ በኋላ ክትባቱን ማብቂያው ሳያልፍ ያሳድሱ። አንድ ቀን ካለፈ የደም ምርመራው ዋጋ ያጣል፤ ውሻውን ይዘው አገር ቤት ደርሰው ለመመለስ ቢያስቡም ክትባቱና የደም ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራሉ።