ፍሬን ስትይዙ ዓይናችሁ ላይ የሚወርድ ሄልሜት፦ የትራክ ሄልሜት ችግርና መፍትሄ

ሰመት ፖይንት የሚባለው የመኪና ትራክ (የእሽቅድምድም ሜዳ) ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከዲሲ ብዙም አይርቅም። ከሰፈር ልጆች ጋር በየራሳችን መኪና እየሄድን እንነዳበታለን። ውድድር አይደለም፣ ሽልማትም የለውም። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፍተሻው ጋ ቆሜ መኪናና ሄልሜት አያለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ከጀማሪ ጎን ተቀምጬ አስነዳለሁ። የጎማ ንፋስ፣ የፍሬን ሸራ፣ በደንብ ያልታሰረ ባትሪ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አሁን ያውቀዋል። ሄልሜት ላይ ግን ያው አንድ ስህተት ነው ሁልጊዜ የሚመጣው። በስልክ ደጋግሜ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ጽፌው ልገላገል።

«በዚህ ሄልሜት አትገባም» ተባልኩ

ሄልሜቱ አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ግን መለሱህ። ምክንያቱ ውስጡ ያለችው ትንሽ ወረቀት ናት። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ ስታደርጉ ስኔል የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። ስኔል ሄልሜት የሚፈትን የአሜሪካ ድርጅት ነው። በ1956 የመኪና ውድድር ላይ ጭንቅላቱን ተጎድቶ በሞተው በፒት ስኔል ስም በዓመቱ ተቋቋመ። ምልክቱ ላይ ኤስኤ ካለ ለመኪና ነው፣ ኤም ካለ ለሞተር ሳይክል፣ ኬ ካለ ለካርቲንግ (ለትንንሾቹ የውድድር መኪኖች)። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ኤስኤው በእሳት ይፈተናል፣ መኪና ውስጥ ካለ የብረት ዘንግ ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆንም ይታያል። ኤሙ የእሳት ፈተና የለበትም። ዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት) የሚለው ተለጣፊ ብቻውን ደግሞ ለአብዛኛው አዘጋጅ ምንም ማለት አይደለም፤ ተለጣፊውን ለብቻው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ አትርሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ዓመቱ ነው። ደረጃው በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፦ 2010፣ 2015፣ 2020፣ 2025። ብዙ አዘጋጆች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ቁጥሩ የተመረተበት ዓመት አይደለም፣ የደረጃው ዓመት ነው፤ በ2024 የተሠራ ሄልሜት ኤስኤ2020 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ግማሽ ዋጋ ነው» ተብሎ ኤስኤ2015 የሚሸጥላችሁ ሰው ቅናሽ እያደረገ አይደለም፣ መጋዘኑን እያጸዳ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አዘጋጅ ደንብ አንብቡ። ኤም የሚቀበሉም አሉ። የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ ደግሞ የሚከራይ ወይም የሚያውሱት ካለ ጠይቁና ገንዘባችሁን ያዙ።

ፍሬን ስይዝ ዓይኔ ላይ ይወርዳል፤ ንፋስ ሲገባ ወደ ላይ ይጎትተኛል

ይሄ ነው ያስቸገረኝ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሄልሜቱ ይሰፋችኋል። ሱቅ ውስጥ «አቤት ሲመች!» ያላችሁት ሄልሜት ይሰፋችኋል።

አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ መኪናውን አሳምሮ የያዘ፣ መስመሩን ቶሎ የገባው። ሰመት ፖይንት ረጅሙን ቀጥታ ጨርሳችሁ አንደኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን አጥብቃችሁ መያዝ አለባችሁ። ልጁ ያዘ። መኪናው አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ፣ ሄልሜቱም አብሮ ደፋ። ከጎኑ ሆኜ ሳየው ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ ሄልሜቱን ወደ ላይ ይገፋል። በአንድ እጅ ኩርባ ሊገባ ነው! ጮህኩኝ መሰለኝ። የሚቀጥለው ዙር ላይም እንደዚያው። ፒት (መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ) ገብተን ማሰሪያውን ሳየው ጥብቅ ነው። ራሱን ያዝኩና ሄልሜቱን ግራ ቀኝ ሳዞረው እንደ ድስት ክዳን ዞረ። ፊቱ ባለበት ቀረ።

«መቼ ነው የገዛኸው?» አልኩት። «ክረምት ላይ፣ አፍሮ እያለኝ።» አሁን ተላጭቷል። ያ ሁሉ ፀጉር የያዘው ቦታ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው።

ፀጉር ለኛ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። አፍሮም ሆነ ሹሩባ፣ የምትለኩት ትራክ በምትሄዱበት ቀን በሚኖራችሁ ፀጉር ነው። እህቶች፦ ፀጉር አናት ላይ ተጠቅልሎ ከተቋጠረ ሄልሜቱ ቁጢጥ ብሎ ይቀራል፤ ወደ ታች ተሠርቶ አንገት ጋ ይታሰር። ቅቤ ተቀብታችሁ ደግሞ የሰው ሄልሜት አትዋሱ። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። ስፖንጁን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ፀሐይ ሲያገኘው አሁንም ይሸተኛል።

አለካኩ እንዲህ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከቅንድባችሁ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ከኋላ የጭንቅላታችሁ በጣም የወጣው ጋ አዙሩት። ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። ከዚያ የዚያኑ ድርጅት ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ የሌላውን አይደለም። 58 ሴንቲ ሜትር አንዱ ጋ ሚዲየም ነው፣ ሌላው ጋ ላርጅ። «እኔ ሁልጊዜ ላርጅ ነኝ» የቲሸርት ወሬ ነው።

ሲመጣላችሁ አድርጉትና ማሰሪያውን እሰሩ። ጉንጫችሁ እንደ ሕፃን ልጅ ጉንጭ ወደ ፊት ይገፋል፤ ማስቲካ ብታኝኩ የውስጥ ጉንጫችሁን ትነክሳላችሁ። ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። አገጩ ጋ ይዛችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት፤ የፊታችሁ ቆዳ አብሮ ካልዞረ ሰፍቷል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ከኋላ ከታችኛው ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይግፋው። ማሰሪያው ታስሮ እያለ ከራሳችሁ ሊወልቅ ከሞከረ፣ መኪና ሲገለበጥም ያው ነው የሚያደርገው። መልሱት። ሣጥኑን አትቅደዱ፣ ተለጣፊውን አትላጡ፣ ከቤት ውጭ አትጠቀሙበት፣ አለዚያ አይቀበሏችሁም።

ካለፈ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አድርጋችሁት ቆዩ። ቤተሰብ ይስቃል፣ ይሳቅ። ስፖንጁ በጊዜ ብዛት ይተኛል፣ ይላላል፤ ስለዚህ ሲገዛ ትንሽ ያስጨነቀ ይሻላል። አናቱ ጥብቅ ሆኖ ጉንጩ ብቻ ከላላ ብዙ አምራቾች ወፈር ያለ የጉንጭ ስፖንጅ ለብቻው ይሸጣሉ፤ ያ ይበቃል። አናቱ ከሰፋ ግን ሌላ ሄልሜት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ካልሲ አጥፎ የወተፈ አይቻለሁ። ፎጣ የወተፈም አይቻለሁ። በኮፍያ ላይ ያደረገ ሰውም አለ፣ ያውም ሳንቲም የምታክል የኮፍያ ቁልፍ አናቱ ላይ እያለች! ያቺ ቁልፍ በግጭት ጊዜ የት እንደምትገባ እሱ አላሰበውም።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግንባሬን ያመኛል

ይሄ ከመጥበብ ጋር አይምታታባችሁ። ሁሉም ቦታ እኩል ሲይዝ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ብቻ፣ በተለይ ግንባር ላይ፣ ቀይ ምልክት ጥሎ የሚያቃጥል ከሆነ የጭንቅላታችሁ ቅርፅ ነው። ክብ ራስ አለ፣ ሞላላ ራስ አለ፣ ሄልሜቱም እንደዚያው። ቁጥር ከፍ ማድረግ አይጠቅምም፤ ወደ ላይኛው ችግር ይመልሳችኋል። ሌላ ሞዴል ሞክሩ። አንድ ወዳጄ ግን የሾርባ ማንኪያ ጀርባ ይዞ ነጩን ፎም እየተጫነ «አስተካከልኩት» አለኝ። ወንድሜ፣ ምቱን የሚውጠው ያ ፎም ነው! አንዴ ከተጨፈለቀ መልሶ አይነፋም፤ ሥራው አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ጭንቅላትን ማዳን ነው፣ እሱ በማንኪያ ጨረሰለት።

ጥቃቅኖቹ

የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽ ከደበዘዘ ትንሽ ክፈቱት። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ቀጥ ያለ ክንድ ያለው ይሁን፣ ከሄልሜቱ በኋላ አስገቡት። ሄልሜቱ ኮርኒሱን ከመታ ወንበሩን ዝቅ አድርጉ። ሰንሩፍ ያለው መኪና ቦታ ይወስዳል፤ አንገት አጉብጦ መንዳት መፍትሄ አይደለም።

ሃንስ የት ነው የሚገባው?

ሃንስ አንገትን የሚይዘው መሣሪያ ነው። ታዋቂው የአሜሪካ የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት በ2001 ዴይቶና ውድድር ላይ የሞተው የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ነው፤ የአሜሪካ ውድድሮች ከዚያ በኋላ ነው አጥብቀው የያዙት። ከኤስኤ2015 ጀምሮ ያለ ሄልሜት የሃንሱ መያዣ የሚገባበት ባለ ጥርስ ቀዳዳ ከፋብሪካው ይዞ ይመጣል። የቆየ ሄልሜት በድሪል እንዳትበሱ። አንድ ልጅ ጋራዥ ውስጥ ሲበሳ ደርሼ ነው ከእጁ የቀማሁት። ደግሞ ሃንስ በመኪናው መደበኛ ቀበቶ አይሠራም፤ ሁለቱንም ትከሻ የሚይዝ የውድድር ቀበቶ ይፈልጋል። ሃንስ ገዝቶ በመደበኛ ቀበቶ የሚነዳ ሰው ጌጥ ነው ያደረገው።

ወደቀብኝ፤ ወይስ ሰው ሰጠኝ

ባዶውን ከእጃችሁ ቢያመልጥ አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ጭረት ነው፤ ግን ጥርጣሬ ካላችሁ አምራቹ ይየው። ራስ ውስጡ እያለ ከተመታ ግን ክርክር የለም፣ ይጣል፤ ከውጭ ጭረት ባይኖረውም። ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛ፣ የመስታወት ማጽጃ አታስነኩት፤ ሳሙናና ውኃ ይበቃዋል። ያገለገለ አትግዙ። ሻጩ «አንድ ቀን ነው ያደረግኩት» ይላል፣ ያቺ አንድ ቀን ምን እንደሆነች ግን አይናገርም። ሳይመታም በአምስት ዓመት ይቀየር ነው የስኔል ምክር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ያናድደኛል። ዕድሜው ያለፈውን፣ አንዳንዴም የተመታውን ሄልሜት ሻንጣ ውስጥ አድርጎ «ሐዋሳ ሞተር ለሚነዳ ወንድሜ» ብሎ መላክ። እዚህ ለጭንቅላትህ ያላመንከውን ለወንድምህ? ኤስኤ ደግሞ ለሞተር አልተሠራም፣ የዓይን መስኮቱ ጠባብ ነው፣ የጎን መንገድ በደንብ አያሳይም። ለእሱ ደህና የሞተር ሄልሜት አዲስ ግዙለት። ባለፈው ዓመት አንዱ ግድግዳ የሳመበትን ሄልሜት «ለአገር ቤት አስቀምጥልኝ» ብሎ መኪናዬ ውስጥ ጣለው። ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጬ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ወር አኮረፈኝ። አሁን አዲስ ሄልሜት ልግዛ ብሎ ሜትር ይዞ ቤቴ መጥቷል፣ ፀጉሩን ደግሞ ገና ማሳደግ ጀምሯል።