በጨው የሚጠቁር እሳት እንዴት ይሠራል?

እሳት ጥላ የለውም የሚላችሁ ሰው ካለ ይሄንን አሳዩት።

የሚያስፈልገው ቡታጋዝ፣ የማይዝግ ቀጭን ሽቦ፣ የወጥ ጨው፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ስስ ነጭ ወረቀትና የሶዲየም መብራት ነው። አስቸጋሪው መብራቱ ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው መሆን አለበት፤ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ያለው ሰው ጠይቁ። ለመንገድ የሚሆነው ባለ ከፍተኛ ግፊቱ አይሠራም። የምንፈልገውን ቢጫ፣ እዚያው ውስጥ ያለው ሶዲየም ቀድሞ ይውጠዋል።

መጀመሪያ መብራቱን አብሩና ጠብቁ። ሲነሳ ቀይ ነው፤ ያ ውስጡ ያለው ኒዮን የሚባል ጋዝ ነው። ሶዲየሙ ሞቆ እስኪተን ደቂቃዎች ይፈጃል። ቢጫው ሲደምቅ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፉ። ቀይ ሹራብ የለበሰ ካለ እዩት፤ ሹራቡ ጠቁሯል።

ወረቀቱን መብራቱ ፊት አቁሙ፣ ከእሳቱ ግን አንድ ክንድ አርቁት። ከዚያ ቡታጋዙን ለኩሱና በነበልባሉ በኩል ወረቀቱን ተመልከቱ። ምንም የለም። ይህችን ደረጃ አትዝለሏት፤ ኋላ የምታዩት የጨው ሥራ መሆኑን የምታውቁት በሷ ነው።

አሁን የሽቦውን ጫፍ ጠምዝዛችሁ አርጥቡት፣ ጨው ላይ አንከባሉትና ወደ ሰማያዊው ነበልባል አስገቡት። ጨው ይንጣጣል፤ መነጽሩ ለዚህ ነው። ከሽቦው በላይ ያለው እሳት ወዲያው ይጠቁራል፣ እንደ ጭስም ይውለበለባል። ከኋላው ተራ የእጅ ባትሪ ብታበሩበት ጥቁሩ ይጠፋል፤ ነጭ ብርሃን ብዙ ቀለም አለው፣ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚወስደው ከዚያ ላይ የራሱን ቢጫ፣ ቅንጣት ያህል ነው።

ብዙ ሰው “ሶዲየሙ ብርሃኑን ዋጠው” ብሎ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብርሃን የዋጠ የሶዲየም አቶም 2.1 ኤሌክትሮንቮልት (የአቶም ጉልበት መለኪያ ነው) ይዞ በአማካይ 16 ናኖሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ 16 ቢሊዮንኛ፣ ይቆያል። ብቻውን ቢሆን መልሶ ይተፋዋል፣ ያውም በየአቅጣጫው፤ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣው ጥቂት ነው። እሳት ውስጥ ግን ብቻውን አይደለም። በዚያች ጊዜ ውስጥ በአሥር የሚቆጠሩ ግጭቶች ያገኙታል፣ የበዙትም ከናይትሮጅን ሞለኪውል ጋር ነው። ናይትሮጅን ሁለት አቶም ስለሆነ እንደ ሞላ ይርገበገባል፤ ጉልበቱን ተቀብሎ ንዝረት ያደርገዋል። ብርሃኑ ሙቀት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

በናይትሮጅን ፈንታ አርጎን የሚባለው ጋዝ ቢሆን ኖሮ ይሄ እምብዛም አይሆንም ነበር። አርጎን ነጠላ አቶም ነው፣ የሚርገበገብበት የለውም። ሲጋጭ የሚያደርገው ሶዲየሙን 589.0 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ቢጫ ከሚያወጣው የጉልበት ደረጃ፣ 589.6ቱን ወደሚያወጣው ጎረቤቱ ማንሸራተት ነው፤ ልዩነታቸው 0.002 ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ስለሆነ ይቻላል። ብርሃኑ በመጠኑ ቀለሙን ለውጦ ይወጣል እንጂ አይጠፋም።